አደይ ሲፈካ ቀፎ እንዴት ይያዛል? ለሐዋሳና ለአካባቢዋ ንብ አርቢዎች

በሐዋሳና በዙሪያዋ ዋናው የማር ወቅት ክረምቱ ወጣ ሲል ነው የሚጀምረው። ከመስከረም አጋማሽ ወዲህ ሜዳው አደይ ይለብሳል፣ መጩም ያብባል፣ ባሕር ዛፉ እንደየቦታው ይከተላል፤ ዝናቡ ካልረበሸ እስከ ኅዳር ድረስ ንብ ሥራ አይፈታም። ከበልግ ዝናብ ጋር የሚመጣ ሌላ ወቅትም አለ። ወደ ወንዶ ገነትና ወደ ይርጋለም በኩል ቀፎ ያላችሁ የቡናውን አበባ ታውቁታላችሁ። እዚህ የማወራው ስለ መስከረሙ ነው፤ አያያዙ ግን ለሁለቱም ያው ነው።

ብዙ ሰው በዚህ ወቅት ሁለት ነገር ያበላሻል። ቦታ ዘግይቶ ይሰጣል። ከሰጠ በኋላ ደግሞ "ምን ደረሱ?" እያለ በየሦስት ቀኑ ክዳን ያነሳል። የኛ ንብ ሁለቱንም አይወድም። ሲጠበው ተከፍሎ ይወጣል፤ ሲነካኩት ቀፎውን ጥሎ ይሄዳል። ስለዚህ ቦታውን ቀድማችሁ ስጡ፣ ከዚያ እጃችሁን ሰብስቡ።

ሥራው የሚጀምረው በነሐሴ ነው

ሠራተኛ ንብ ከእንቁላል ተነስታ ሙሉ ንብ ሆና እስክትወጣ 3 ሳምንት ገደማ ይፈጃል። ከዚያ ሌላ 3 ሳምንት ያህል ቀፎ ውስጥ ትሠራለች፤ እጭ ትመግባለች፣ ሰም ታወጣለች፣ በር ትጠብቃለች። አበባ ፍለጋ የምትወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሒሳቡን ሥሩት። መስከረም 15 ላይ ቀሰም (ማር የሚሆነውን የአበባ ጣፋጭ ውሃ) ተሸክማ የምትገባዋ ንብ ነሐሴ መጀመሪያ ላይ የተጣለ እንቁላል ናት። አደዩን አይታችሁ ስኳር መበጥበጥ ከጀመራችሁ ባቡሩ ሄዷል።

ነሐሴ ላይ ዝናቡ ሲጠና ንብ ይራባል። ዙሪያው ሁሉ በቆሎ አብቦ ሊሆን ይችላል፤ በቆሎ ግን ጽጌ (የአበባ ዱቄት) እንጂ ቀሰም አይሰጥም፣ ስለዚህ እግራቸው ላይ ቢጫ ነገር ስላያችሁ ጠግበዋል አትበሉ። ቀፎውን ከኋላ በኩል በአንድ እጅ ብድግ አድርጉት። ቀለል ካለ መግቡ። 1 ኪሎ ስኳር በ1 ሊትር ለብ ያለ ውሃ በጥብጡ፣ ሳህን ላይ አድርጉና ንቦቹ እንዳይሰምጡ ጭድ ጣል አድርጉበት። ከዚያ ማታ ላይ ቀፎው ውስጥ አስገቡት። ደጅ ላይ የተቀመጠ ስኳር የሰፈሩን ንብ ሁሉ ይጠራና ዘረፋ ያስነሳል። ከስኳሩ ጎን በሶ ወይም የባቄላ ዱቄት ይሰጣል። ሽሮ የሚሰጡም አሉ፤ ጥሩ ነው፣ ግን በርበሬና ቅመም ያልነካው ይሁን፣ የቤቱን ሽሮ ዝም ብላችሁ ዝቃችሁ አታቅርቡላቸው።

የማሩ ሳጥን ከላይ ከመጫኑ በፊት ስኳሩን አቁሙ። ይሄ ድርድር የለውም። ስኳሩን ወደ ላይ አውጥተው ልክ እንደ ማር ይደፍኑታል፤ ቆርጣችሁ ስትሸጡት የምትሸጡት ስኳር ነው። ገዢው ቢያውቅም ባያውቅም።

ሳጥኖቹንም በዚሁ ጊዜ አዘጋጁ። ሰፈር ውስጥ አናጢ ያሠራችሁት ቀፎ ከሆነ በሜትር ለኩት። በፍሬሙ (ንቦቹ የማር እንጀራ በሚሠሩበት የእንጨት ክፈፍ) ጎንና በሳጥኑ ግድግዳ መካከል ከ6 እስከ 9 ሚሊ ሜትር ክፍተት መኖር አለበት። ካነሰ በሙጫ ያጣብቁታል። ከበለጠ እንጀራ ይሠሩበታል፤ ያኔ በመሮ እየፈለቀቃችሁ ስትታገሉ ንቡ ይነሳና ጎረቤቱ ሁሉ በሩን ይዘጋል። ዛንደር ለሚባለው የቀፎ ዓይነት የተሠራ ፍሬም ሌላ ዓይነት ሳጥን ውስጥ እንደማይገጥምም አስታውሱ። ከሁለት ቦታ ቀፎ የገዛ ሰው ይሄን የሚያውቀው ፍሬም በእጁ ይዞ ነው።

የታተመ ሰም (ንቦቹ እንጀራ እንዲሠሩበት ፍሬም ላይ የሚገባውን የሰም ገበታ) ስትገዙ አሽትቱት። ንጹሕ ሰም ማር ማር ይላል። ሻማ የተቀላቀለበት ከሆነ ንቡም አይወደውም፣ የሐዋሳ ቀትር ሲመጣም ይልፈሰፈስና ማሩን እንደያዘ ይወድቃል። ከዚህ ሁሉ የሚሻለው ግን ካለፈው ወቅት የተረፈ፣ የሰም እራት (እጩ ሰም የሚበላ የሌሊት ቢራቢሮ) ያልገባበት፣ የተሠራ እንጀራ ነው። ንብ 1 ኪሎ ሰም ለመሥራት ብዙ ኪሎ ማር ይበላል፤ ከ6 እስከ 8 ኪሎ የሚሉ አሉ። የተሠራ እንጀራ ስትሰጡ ያን ማር ለራሳችሁ አተረፋችሁ ማለት ነው።

ቀሰም መግባቱ በምን ይታወቃል?

ቀፎ ሳትከፍቱ ብዙ ነገር ይታያል። ከቀፎው ጎን (ፊት ለፊት ሳይሆን) ቁሙና በሩን ተመልከቱ። ቀሰም የያዘች ንብ ከባድ ናት፤ ሆዷ ተነፍቶ በሩን ስታ ሣሩ ላይ ትወድቅና ትንሽ አርፋ በእግሯ ትገባለች። ጠዋት ማልደው ይወጣሉ፣ ማታ ዘግይተው ይገባሉ። ጀምበር ከገባች በኋላ ጆሯችሁን ጠጋ ብታደርጉ ከውስጥ ወጥ የሆነ የክንፍ ድምፅ ይሰማል። ቀሰሙን እያደረቁ ነው። በሩ አካባቢ ደግሞ የአበባ ሽታ ያለው ሞቅ ያለ አየር ይወጣል። ቀሰም ሲገባ አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ሌሊቱን ሙሉ በክንፋቸው ሲያራግቡ ያድራሉ። በሩን በክረምት ካጠበባችሁት አሁን ሙሉ በሙሉ ክፈቱት።

ክዳን አንስታችሁ ከሆነ ደግሞ የፍሬሞቹን አናት እዩ። ከአሮጌው ቡናማ እንጀራ በላይ ነጭ አዲስ ሰም ከታየ ወቅቱ ገብቷል። ሌላ ምልክት መፈለግ አያስፈልግም።

ሳጥን መቼ ይጨመር?

የታችኛው ሳጥን 10 ፍሬም ካለው፣ 7 ወይም 8ቱ በንብ ሲሸፈን ሁለተኛውን ጫኑ። 10ሩ እስኪሞላ አትጠብቁ። ጥሩ ወቅት ላይ ጠንካራ ኅብረ ንብ ሳጥን ለመሙላት ብዙ ቀን አይፈጅበትም፤ ቦታ ሲያጣ ቀሰሙን እጭ የሚያድግበት ቤት ውስጥ መጨመር ይጀምራል። ንግሥቷ እንቁላል መጣያ ታጣለች። መከፈል የሚመጣው ከዚያ ነው።

በሌላ በኩል ደካማ ቀፎ ላይ ሳጥን መጫን ጉዳት ነው። 4 ፍሬም ብቻ የሸፈነ ንብ ባዶውን ሳጥን ሊጠብቀው አይችልም፤ ጥንዚዛውና የሰም እራቱ ይገቡበታል። እንዲህ ያለውን ቀፎ ለማር አትጠብቁት። ይጠንክር ብላችሁ ተዉት።

የንግሥት ማገጃ (ንግሥቷ ወደ ማሩ ሳጥን እንዳትወጣ የሚያግድ ወንፊት) ላይ ሰዉ ይከራከራል። እኔ አዲስ ሰም የገባበት ሳጥን ላይ ወዲያው ማገጃ ማድረግ አልወድም፤ ንቦቹ ወደ ላይ ለመውጣት ያመነታሉ። መጀመሪያ ያለ ማገጃ ጫኑት። ወጥተው ሰሙን መሥራት ሲጀምሩ ንግሥቷ ታች መሆኗን አረጋግጡና ያኔ ማገጃውን አግቡ። ንግሥቷን ማግኘት ካልቻላችሁ ከላይኛው ሳጥን ያለውን ንብ በጭስና በብሩሽ ወደ ታች አውርዱት፤ እሷም አብራ ትወርዳለች። የተሠራ እንጀራ ካላችሁ ግን ከመጀመሪያውም ማገጃ ብታደርጉ ችግር የለውም።

ሦስተኛ ሳጥን የሚያስፈልገው ሁለተኛው ከግማሽ በላይ ሲሞላ ነው። ባዶውን ከሞላው በታች፣ ከእጭ ክፍሉ በላይ አስገቡት። እንዲህ ሲሆን ሥራው ይፈጥናል።

በሽግግር ቀፎ (በፍሬም ፈንታ እንጀራው ከዘንግ ላይ በሚንጠለጠልበት ቀፎ) የምትሠሩ ሳጥን መጨመር አትችሉም፤ ስለዚህ ባዶ ዘንግ በእጩና በማሩ መካከል እያስገባችሁ፣ ከዳር የተደፈነውን ቶሎ ቶሎ እየቆረጣችሁ ቦታ ስጡ። በባህላዊ ቀፎ ያለው ምርጫ አንድ ነው፤ ማሩ እንደደረሰ ከኋላ በኩል መቁረጥ፣ እጩን አለመንካት።

መከፈልን ማስቆም

በዚህ ወቅት ከሁሉ በላይ የሚያስከፍለው ይሄ ነው። ንቡ ሲከፈል አሮጊቷ ንግሥት ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ንብ ይዛ ትወጣለች። ቀሪው አዲስ ንግሥት እስኪያሳድግ ወቅቱ ያልቃል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ።

ምልክቱ የንግሥት ቤት ነው። እንጀራው ላይ ወደ ታች ተንጠልጥሎ የሚሠራ፣ ቅርፊቱ ያልተፈለቀቀ ለውዝ የመሰለ ነገር ነው። ከፍሬሙ ታችኛው ጠርዝ ላይ በርከት ብሎ ከታየ ሊከፈሉ ነው። እንጀራው መሐል ላይ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ከሆነ ግን ተዉት፣ አሮጌዋን ንግሥት ሊተኩ ነው።

ፍሬም በፍሬም መፈተሽ አያስፈልግም። ወለሉ የሚነጠል ቀፎ ከሆነ ትንሽ አጭሱና የእጩን ሳጥን ከኋላ ብድግ አድርጋችሁ የፍሬሞቹን ታችኛ ጠርዝ ከሥር እዩ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። በሳምንት አንዴ በቂ ነው፤ የንግሥት ቤት እንቁላል ከገባበት በ8 ቀን ገደማ ስለሚደፈን ከሳምንት በላይ ከዘገያችሁ ልታገኙት የምትችሉት የሄደ ንብ ነው።

ቤቶቹን መቁረጥ ብቻ አይጠቅምም። በማግስቱ እንደገና ይሠራሉ። ቢያስከፋም ራሳችሁ ክፈሉት። አሮጌዋን ንግሥት ከ3 የእጭ ፍሬምና ከ1 የማር ፍሬም ጋር፣ ከነንቡ፣ ወደ ባዶ ቀፎ አዛውሩ። ከሌላ ፍሬም ላይ ደግሞ ወጣት ንቦችን አራግፉላት፣ ምክንያቱም ትልልቆቹ ወደ ለመዱት በር ይመለሳሉ። በአሮጌው ቀፎ ውስጥ ትልቁንና ቆንጆውን የንግሥት ቤት አንድ ወይም ቢበዛ ሁለት አስቀሩ፣ ሌላውን ቁረጡ፤ ብዙ ካስቀራችሁ በየተራ እየተከፈሉ ይወጡና ባዶ ሳጥን ይቀራችኋል። ከዚያ ለ3 ሳምንት ያህል እንዳትከፍቱት። አዲሷ ንግሥት ለመጠቃት ወጥታ ስትመለስ ቀፎው ተበጥብጦ ካገኘችው ልትጠፋ ትችላለች። አውራ እንደሌለው ንብ የሚባለውን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።

አንድ ወይም ሁለት ባዶ ቀፎ በወይራ ጭስ አጥናችሁ፣ በጠጅ ሣር አሽታችሁ ከፍ ያለ ቦታ ላይ አስቀምጡ። ያመለጠ መንጋ ይገባበታል። የናንተ ባይሆን የጎረቤት።

ስለ መክፈቻው ሰዓትና ስለ ጭሱ

የኛ ንብ ቁጡ ነው፣ በቀትር አይነካም። ከ11 ሰዓት በኋላ ጀምሩ። ከመሸ የምትሠሩ ከሆነ የባትሪውን ወይም የስልኩን መብራት በቀይ ፌስታል ሸፍኑት፤ ንብ ቀይ ቀለም አያይም፣ ወደ መብራቱ አይመጣባችሁም። ለማጨሻው ደረቅ ኩበት ወይም የበቆሎ ቆረቆንዳ ይበቃል። ፕላስቲክም ሆነ ጋዝ የነካው ጨርቅ እንዳታስገቡ፣ ማሩ ሽታውን ይይዘዋል። ጭሱ እጃችሁ ላይ ስታደርጉት ካቃጠለ ንቡንም ያቃጥላል። በሩ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ነፋ አድርጉ፣ ትንሽ ጠብቁ፣ ከዚያ ክፈቱ።

ከተነደፋችሁ መርፌውን በጥፍር ፍቃችሁ አውጡና ቦታውን አጭሱት። የመርፌው ሽታ ሌሎቹን ይጠራል። ሙዝ ሙዝ ይሸታል፤ ለዚህ ነው ሙዝ በልቶ ወደ ቀፎ መሄድ የማይመከረው። ጉሮሮ ማበጥ ወይም የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ግን በቤት መድኃኒት ጊዜ ሳታጠፉ ሐኪም ቤት ሂዱ።

ቀፎ የምትከፍቱበትን ቀን ለጎረቤት ንገሩ። የታሰረ ከብትና አህያ ካለ ቀድማችሁ አርቁ፤ ገመድ ላይ ያለ እንስሳ ማምለጫ የለውም። ታቦር ሥር ወይም አላሙራ በኩል ጠባብ ግቢ ውስጥ ብዙ ቀፎ ከመደርደር ወደ ቱላ ወይም ወደ ወንዶ ገነት መንገድ ዘመድ ጋ ማስቀመጥ ይሻላል ባይ ነኝ። አበባውም እዚያ ነው።

ጉንዳን፣ ውሃ፣ መድኃኒት

ጉንዳን በአንድ ሌሊት ጠንካራ ኅብረ ንብ ያስኮበልላል። የመደቡን እግሮች የተቃጠለ ዘይት ባለበት ጣሳ ውስጥ አቁሙ ወይም ግራሶ ቀቡ። ግን ከመስከረም በኋላ ሣሩ ቶሎ ያድጋል፤ አንድ ዘለላ ቀፎውን ከነካ ዘይቱ ሁሉ ከንቱ ነው፣ ጉንዳኑ በሣሩ ላይ ይሻገራል። ሥሩን በየሳምንቱ እጨዱ።

ሐይቁ ቅርብ ቢሆንም ውሃ በቀፎው አጠገብ ይኑር። ጠጠር የተደረገበት ጎድጓዳ ሳህን በቂ ነው። ከጎረቤት ቧንቧ ሥር ተሰብስበው ጠብ እንዳያስነሱ።

የተባይ መድኃኒት ግን ከባዱ ነው። በዙሪያችሁ በቆሎ፣ አትክልት ወይም ጫት የሚረጭ ሰው ካለ ወቅቱ ሳይጀምር ሄዳችሁ አናግሩት። አትርጭ ማለት አይቻልም፣ ሰብሉ ነው። ማታ ንብ ከገባ በኋላ ርጭ ማለት ግን ይቻላል፤ በአክብሮትና ከትንሽ ማር ጋር ሲጠየቅ ብዙው ሰው እሺ ይላል። የቀበሌውን የልማት ጣቢያ ሠራተኛም አስገቡበት። ቀን ላይ መርጨቱ ግድ ከሆነ ከዋዜማው ማታ በሩን በወንፊት ሽቦ ዝጉና ቀፎውን እርጥብ ጆንያ አልብሱት። ሙሉ በሙሉ ደፍኖ መዝጋት በሙቀት ይገድላቸዋል።

መቁረጥ

የፍሬሙ ከሦስት እጅ ሁለቱ በሰም ሲደፈን ደርሷል ይባላል። እኔ እስከ አራት እጅ ሦስቱ እጠብቃለሁ፣ በተለይ ዝናብ ያዝ ለቀቅ ሲያደርግ። ጥርጣሬ ካላችሁ ፍሬሙን አግድም ያዙና አንዴ ነቅነቅ አድርጉት። ጠብታ ከወደቀ ገና ቀሰም ነው። በማር ውስጥ ያለው ውሃ ከ20 በመቶ በላይ ከሆነ ቆይቶ ይፈላል፤ ለጠጅ የሚፈልገው ሰው ግድ ላይሰጠው ይችላል፣ በብልቃጥ የሚሸጥ ግን ይበላሻል።

ንቡን በብሩሽ ጥረጉ፣ ፍሬሙን ክዳን ያለው ባልዲ ወይም ባዶ ሳጥን ውስጥ አድርጉና ወዲያው ሸፍኑት። እጭ ያለበትን ፍሬም አትንኩ። ከታችኛው ሳጥን ማር አትቁረጡ፤ እሱ የነሱ ነው፣ ከኅዳር በኋላ ደረቁ ሲመጣ ያንን ይበላሉ። ማሩን የምታስቀምጡበት ዕቃ የምግብ ፕላስቲክ ወይም ብርጭቆ ይሁን፤ የቀለም ባልዲ ቢታጠብም አይሆንም። ክዳኑ ይጥበቅ፣ ማር ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል።

የዚህ ወቅት ማር ቶሎ ይረጋል፤ ገዢዎች "ስኳር ጨምራችሁበታል" ይሉ ይሆናል። ማር መርጋቱ ተፈጥሮው ነው። ማቅለጥ ካስፈለገ ብልቃጡን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አስቀምጡት፣ እጅ የሚችለው ሙቀት ይሁን። በቀጥታ እሳት ላይ የተጣደ ማር ጣዕሙም ሽታውም ይሄዳል።

አበባው ሲያልቅ

ኅዳር ላይ በሩ ላይ ያለው ግርግር ይቀንሳል፤ ድንጉላዎቹም (ወንድ ንቦቹ) እየተገፉ ሲወጡ ታያላችሁ። ከዚህ በኋላ የማር ሽታ ችግር ይጠራል። ማር የነካው ፍሬም ወይም መሮ ደጅ ላይ አይደር። የተጨመቀውን ፍሬም ማታ ላይ መልሱላቸው፣ አንድ ሁለት ቀን ልሰው ያደርቁታል፤ ከዚያ አውጥታችሁ አየር በሚገባው ቦታ፣ ፍሬሞቹን አራርቃችሁ አስቀምጡ፣ የሰም እራት ጨለማና የታፈነ ቦታ ይወዳልና። ንብ ያልሸፈነውን የላይኛ ሳጥን አውርዱ። በሩን ሁለት ወይም ሦስት ንብ ጎን ለጎን በሚያሳልፍ ስፋት አጥብቡት። ቀፎውን እንደገና ከኋላ ብድግ አድርጉና ክብደቱን ያዙት። ከቀለለ ከቆረጣችሁት ማር ውስጥ አንድ የተደፈነ ፍሬም መልሱለት።